ሃይማኖትና ፖለቲካዊ የኃይል ድርጊት፦ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ምን ይነግሩናል?

በመገናኛ ብዙኃንና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች ላይ «ከዚህ ሃይማኖት ተከታዮች መካከል ይህን ያህል በመቶው የኃይል ጥቃትን እንደሚደግፉ አንድ ጥናት አመለከተ» የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። ዜናው ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥርና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ይሰራጫል። ጥያቄው በምን ቃላት እንደቀረበ፣ ለማን እንደቀረበና ሌሎች ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ቢጠየቁ ምን ይመልሱ እንደነበር አብሮ አይነገርም። ቁጥሩን ያነበበ ሰው ግን ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን ወይም የልጁን መምህር በዚያ ቁጥር መመዘን ሊጀምር ይችላል።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ዜጎች እንዲህ ያሉ የጥናት ውጤቶችን ሲያነቡ፣ እንዲሁም መጠይቅ ይዞ ወደ ቤታቸው የመጣ ወይም በስልክ የደወለ መረጃ ሰብሳቢ ሲያጋጥማቸው፣ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ለማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ጥናቶቹ በስፋት ከተካሄዱባቸው አገሮች፣ ማለትም ከብሪታንያ፣ ከአሜሪካ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከፓኪስታን እንዲሁም ከእስራኤልና ከፍልስጤም ነው። አገራችንን የሚመለከተው ክፍል ከእነዚህ በኋላ ቀርቧል። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ጋዜጣ ርዕስና የአንድ ቃል ጉዳይ

በኅዳር ወር 2015 በፓሪስ ከተማ ከባድ የሽብር ጥቃት በተፈጸመ በቀናት ውስጥ «ዘ ሰን» የተባለው የብሪታንያ ጋዜጣ በፊት ገጹ ላይ ከአምስት የብሪታንያ ሙስሊሞች አንዱ ለጂሃዲስቶች «ሲምፓቲ» አለው የሚል ርዕስ አወጣ። መነሻው «ሰርቬሽን» የተባለ የጥናት ድርጅት ወደ 1,000 ለሚጠጉ ሙስሊሞች በስልክ ያቀረበው መጠይቅ ነበር። ከመልሶቹ መካከል 5 በመቶው «ብዙ»፣ 14 በመቶው «የተወሰነ» የሚል ነበር፤ ጋዜጣው ሁለቱን ደምሮ «ከአምስት አንድ» አለ። 71 በመቶ የሚሆኑት ምንም ዓይነት ሲምፓቲ እንደሌላቸው መመለሳቸው ግን በርዕሱ ላይ ቦታ አላገኘም።

በመጠይቁ ላይ የሰፈረው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሰዎቹ የተጠየቁት አገር ለቀው በሶሪያ ከሚገኙ ተዋጊዎች ጋር ስለሚቀላቀሉ ወጣት ሙስሊሞች ምን እንደሚሰማቸው ነው። «እስላማዊ መንግሥት» የሚባለው ቡድን በጥያቄው ውስጥ አልተጠቀሰም። በዚያን ጊዜ በሶሪያ ብዙ ተዋጊ ወገኖች ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል ያንኑ ቡድን የሚዋጉ ይገኙባቸዋል። ጥያቄው የቀረበውም ስለ ሄዱት ወጣቶች እንጂ ስለ ድርጅቶቹ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ግን «ሲምፓቲ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ፊት አለው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ማዘንንም፣ የልብ ድጋፍንም ሊገልጽ ይችላል። በአማርኛ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ተታልሎ ለሄደው ልጅ አዝናለሁ» የሚል አባትና «የሄደበትን ዓላማ እደግፋለሁ» የሚል ሰው በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል አይጠቃለሉም። በዚያ መጠይቅ ግን ሁለቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ሊያደርጉ ይችሉ ነበር።

በጉዳዩ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጉ አቤቱታዎች ለብሪታንያ የፕሬስ ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ አካል ቀረቡ። አካሉም በመጋቢት ወር 2016 የጋዜጣው ዘገባ አንባቢን በከፍተኛ ደረጃ የሚያሳስት እንደነበር ወሰነ። ጥናቱን ያካሄደው ድርጅትም ውጤቱ የተተረጎመበትን መንገድ እንደማይደግፍ አስታውቋል። ውሳኔው የመጣው ግን ርዕሱ ከወጣ ከአራት ወራት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ርዕስ ያነበበ ሰው ሁሉ እርማቱን አንብቧል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ያልተጠየቀው ወገን

አንድ ቁጥር ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑ የሚታወቀው ከሌላ ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህ ቀላል ነገር ቢመስልም ስለ ሃይማኖትና ስለ ኃይል በሚደረጉ ጥናቶች ዘወትር የሚዘነጋው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም የብዙዎቹ ጥናቶች መነሻ ስለ አንድ ማኅበረሰብ ብቻ የሚነሳ ሥጋት ስለሆነ፣ መጠይቁም ለዚያ ማኅበረሰብ ብቻ ይቀርባል።

የአሜሪካው ፔው የምርምር ማዕከል በ2017 ያካሄደው ጥናት ከዚህ የተለየ ነበር። ማዕከሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ሙስሊሞችን ለፖለቲካዊ፣ ለማኅበራዊ ወይም ለሃይማኖታዊ ዓላማ ሲባል ሲቪሎችን ዒላማ አድርጎ መግደል ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ጠየቀ። 76 በመቶው «በጭራሽ ተገቢ አይደለም»፣ 8 በመቶው ደግሞ «አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ተገቢ አይደለም» አሉ። «ብዙ ጊዜ» ወይም «አንዳንድ ጊዜ ተገቢ ነው» ያሉት 12 በመቶ ነበሩ። ይህ 12 በመቶ ብቻውን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ለአንድ አስደንጋጭ ርዕስ ይበቃ ነበር። ይሁን እንጂ ማዕከሉ ተመሳሳዩን ጥያቄ ለመላው የአሜሪካ ሕዝብም አቅርቦ ስለነበር «ብዙ ጊዜ» ወይም «አንዳንድ ጊዜ» ያለው የሕዝብ ድርሻ 14 በመቶ መሆኑ ታወቀ። «በጭራሽ» ያለው ደግሞ 59 በመቶ ብቻ ነበር።

ከስድስት ዓመታት በፊት ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ባወጣው ሌላ ጥናት የጥያቄው አቀራረብ ምን ያህል እንደሚወስን በግልጽ ታይቷል። በመጀመሪያው ጥያቄ የጦር ኃይል በሲቪሎች ላይ የሚፈጽመው ጥቃት ተገቢ ሊሆን ይችል እንደሆነ ተጠየቀ። «በጭራሽ» ያሉት አሜሪካውያን ሙስሊሞች 78 በመቶ ሲሆኑ፣ በፕሮቴስታንቶችና በካቶሊኮች ዘንድ ይህ መልስ 40 በመቶ እንኳን አልደረሰም። በሁለተኛው ጥያቄ «የጦር ኃይል» በሚለው ምትክ «ግለሰብ ወይም ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቡድን» የሚል ገባ። በዚህ ጊዜ «በጭራሽ» የሚለው መልስ በሁሉም ዋና ዋና የሃይማኖት ወገኖች ከ70 በመቶ በላይ ሆነ፤ በሙስሊሞች ዘንድ 89 በመቶ ደረሰ።

ከዚህ የምንረዳው አንዱ ሃይማኖት ከሌላው የተሻለ መሆኑን አይደለም። ሰዎች ስለ ኃይል ሲጠየቁ አስቀድመው የሚያስቡት «ማን ነው የሚፈጽመው?» የሚለውን ነው። መንግሥት ሲያደርገው ጦርነት፣ ግለሰብ ሲያደርገው ወንጀል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የኃይል ድርጊቱን የሚፈጽመው አካል ማን እንደሆነ የማይገልጽ ጥያቄ ከእያንዳንዱ መላሽ የሚያገኘው ለተለያየ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ሃይማኖት ሳይቀየር የተቀየረ ቁጥር

ፔው የምርምር ማዕከል ከ2002 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በተለያዩ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊሞች እስልምናን ከጠላት ለመከላከል በሚል የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃትና በሲቪሎች ላይ የሚፈጸሙ ሌሎች የኃይል ድርጊቶች ተገቢ መሆናቸውን የሚመለከት አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያቀርብ ቆይቷል። ጥያቄው ሳይቀየር በየጊዜው መደጋገሙ የጥናቱ ዋነኛ ጥቅም ነው።

በዮርዳኖስ በ2005 ጸደይ «ብዙ ጊዜ» ወይም «አንዳንድ ጊዜ ተገቢ ነው» ያሉት 57 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር 9 ቀን በዋና ከተማዋ በአማን በሚገኙ ሦስት ሆቴሎች ላይ አጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት ፈጸሙ፤ ከሆቴሎቹ በአንዱ ሠርግ እየተከናወነ ነበር። ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የአገሪቱ ዜጎች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ያው ጥያቄ ሲቀርብ ድርሻው ወደ 29 በመቶ፣ በ2007 ደግሞ ወደ 23 በመቶ ወረደ። በሊባኖስ በ2002 74 በመቶ የነበረው በ2007 34 በመቶ ሆነ። በፓኪስታንም በ2004 41 በመቶ የነበረው፣ አገሪቱ ራሷ በተደጋጋሚ ጥቃት ከተመታች በኋላ፣ በ2009 5 በመቶ ደረሰ።

በእነዚህ ዓመታት የዮርዳኖስ ሕዝብ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ጸሎቱም፣ ጾሙም፣ መጽሐፉም ያው ነው። የተለወጠው ጥያቄውን የሚሰማበት ሁኔታ ነው። «የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት» ሲባል በ2005 መጀመሪያ በአብዛኛው በሩቅ ወይም በሌላ አገር ላይ የሚፈጸም ነገር ይታሰብ ነበር፤ ከኅዳር በኋላ ግን የሚታሰበው ሠርግ ቤቱ ሆነ። ቋሚ የሆነ ነገር ብቻውን ተለዋዋጩን ሊያስረዳ ስለማይችል፣ እንዲህ ያለ ፈጣን ለውጥ በታየበት ቦታ ሁሉ ማብራሪያውን በእምነቱ ትምህርት ውስጥ ብቻ መፈለግ አያዋጣም። በአንድ ዓመት የተወሰደ ቁጥርም የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ እምነት ባሕርይ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

«ሃይማኖተኛ» ማለት በመጠይቅ ላይ ምን ማለት ነው?

«ሃይማኖተኛነት ለኃይል ድርጊት ድጋፍን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ በመጀመሪያ ሃይማኖተኛነት መለካት አለበት። ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚለኩት በሦስት መንገድ ነው፦ ሰውየው በግሉ ምን ያህል ይጸልያል፣ ወደ ቤተ እምነት ምን ያህል ይሄዳል፣ ሃይማኖት በሕይወቱ ምን ያህል ቦታ አለው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ነገር እንደሆኑ አድርጎ መደመር የተለመደ ነበር።

ጄረሚ ጊንጅስ፣ ኢያን ሃንሰንና አራ ኖረንዛያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን ድምር ከፋፈለው። በፍልስጤማውያን ሙስሊሞች መካከል የተሰበሰበ መረጃን ሲመረምሩ በግል አዘውትሮ መጸለይ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃትን ከመደገፍ ጋር ግንኙነት አልታየበትም፤ መስጊድ አዘውትሮ መሄድ ግን ግንኙነት ነበረው። ነገሩ በአንድ ሃይማኖት የተወሰነ እንዳይመስል ደግሞ በዌስት ባንክ ለሚኖሩ አይሁዳውያን ሰፋሪዎች በስልክ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው በ1994 ባሩክ ጎልድስታይን የተባለ ሰፋሪ በኬብሮን በጸሎት ላይ የነበሩ 29 ሙስሊሞችን የገደለበትን ድርጊት የሚመለከት ነበር። ከጥያቄው በፊት ለአንዳንዶቹ ስለ ጸሎታቸው፣ ለሌሎቹ ወደ ምኩራብ ስለ መሄዳቸው ተነሳባቸው፤ ለቀሩት ምንም አልተነሳም። ድርጊቱን እጅግ የጀግንነት ሥራ ነው ያሉት ጸሎት ከተነሳባቸው መካከል 6 በመቶ፣ ምንም ካልተነሳባቸው 15 በመቶ፣ ምኩራብ ከተነሳባቸው ደግሞ 23 በመቶ ነበሩ።

ተመራማሪዎቹ በዚህ ሳይወሰኑ በስድስት አገሮች በሚኖሩ የስድስት ሃይማኖቶችና የእምነት ክፍሎች ተከታዮች፣ ማለትም በህንድ ሂንዱዎች፣ በሩሲያ ኦርቶዶክሶች፣ በሜክሲኮ ካቶሊኮች፣ በብሪታንያ ፕሮቴስታንቶች፣ በኢንዶኔዥያ ሙስሊሞችና በእስራኤል አይሁዳውያን መካከል የተሰበሰበ መረጃንም ተመለከቱ። በዚህ መረጃ የተለካው ለአምላክ ሲሉ ለመሞት ፈቃደኛ መሆንና ለዓለም ችግር ሌሎችን ሃይማኖቶች መውቀስ በአንድነት ሲገኙ ነው። አዘውትሮ ወደ ቤተ እምነት መሄድ ከዚህ አመለካከት ጋር ሲያያዝ፣ አዘውትሮ መጸለይ ግን አልተያያዘም።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። «ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ሰውን ለኃይል ያነሳሳል» የሚል ንባብ ከጥናቱ የራቀ ነው። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ በኅብረት መሰብሰብ ለራስ ወገን ያለን ታማኝነት እንደሚያጠነክር፣ ያ ታማኝነት ደግሞ ግጭት ባለበት ቦታ በሌላው ላይ ሊዞር እንደሚችል ነው። ያው የኅብረት ስሜት በሌላ ጊዜ ለቅሶ ቤት ያደርሳል፣ ዕቁብና ዕድር ያቋቁማል፣ የተራበውን ያበላል። እንግዲህ ጥያቄው ሰዎች በተሰበሰቡበት ምን ይነገራል የሚለው ነው፤ ይህንን ደግሞ ወደ ቤተ እምነት የመሄድን ድግግሞሽ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ሊያውቀው አይችልም።

በፓኪስታን የተደረገ ሰፊ ጥናት በዚሁ አቅጣጫ ሌላ እርምጃ ወስዷል። ክርስቲን ፌር፣ ኒል ማልሆትራና ጄኮብ ሻፒሮ በአራቱ የአገሪቱ ክፍላተ ሀገር የሚኖሩ 6,000 ሰዎችን በ2009 አነጋገሩ። ሃይማኖታዊ ሥርዓትን መፈጸምም ሆነ ፖለቲካዊ እስልምናን መደገፍ ለታጣቂ ቡድኖች ከሚሰጥ ድጋፍ ጋር አልተያያዘም። የተያያዘው አንድ የተወሰነ አስተምህሮ ነው፦ ጂሃድ ማለት በውጭ የሚደረግ የጦር ትግል ነው፣ ያንንም ማንኛውም ግለሰብ በራሱ ሊያውጀው ይችላል ብለው የሚያምኑ ሰዎች፣ ጂሃድን ለጽድቅ የሚደረግ ውስጣዊ ትግል አድርገው ከሚረዱት ይልቅ ለቡድኖቹ የቀረበ አመለካከት ነበራቸው። እምነቱ የጠለቀ ሰውና ስለ ኃይል የተለየ ትምህርት የተቀበለ ሰው አንድ አይደሉም ማለት ነው። ከዚሁ መረጃ በመነሳት በ2013 የታተመ ተጓዳኝ ጥናት ደግሞ ድሆች የታጣቂዎች ደጋፊዎች ናቸው የሚለውን የቆየ ግምት ፈተሸ፤ ያገኘውም የተገላቢጦሹን ነው። ድሆቹ ከመካከለኛ ገቢ ነዋሪዎች ይልቅ ታጣቂዎቹን አጥብቀው ይጠላሉ፤ በተለይም የጥቃቱ ጉዳት በሚበረታባቸው ከተሞች።

የሚፈራ ሰው እንዴት ይጠየቃል?

በዚያው የፓኪስታን ጥናት የተሠራበት ዘዴ ለብቻው መነሳት ይገባዋል። ታጣቂዎች በሚንቀሳቀሱበት አካባቢ ለሚኖር ሰው «ይህን ቡድን ትደግፋለህ?» ብሎ መጠየቅ መላሹንም ጠያቂውንም አደጋ ላይ ይጥላል፤ የሚገኘው መልስም እውነቱን ሳይሆን ፍርሃቱን ያሳያል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ስለ ቡድኖቹ በቀጥታ አልጠየቁም። መላሾቹን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዱ ክፍል ለምሳሌ ስለ ፖሊዮ ክትባት ዕቅድ ምን እንደሚያስብ ብቻ ጠየቁ። ለሌላው ክፍል ግን ያንኑ ዕቅድ አንድ ታጣቂ ቡድን እንደሚደግፈው ጨምረው ነገሩት። ክትባቱ ያው ነው፤ የተጨመረው የቡድኑ ስም ብቻ ነው። ስሙ ሲጨመር ለዕቅዱ ያለው ድጋፍ ከወረደ ሕዝቡ ቡድኑን አይወደውም፣ ከጨመረ ይወደዋል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የእያንዳንዱ ሰው አመለካከት ሳይታወቅ፣ ማንም አደጋ ላይ ሳይወድቅ የሕዝቡ አጠቃላይ ዝንባሌ ይታወቃል። አንድን ጥናት ለመመዘን የሚረዳ አንዱ ምልክት ይህ ነው፦ አጥኚው ለመላሹ ደኅንነት ምን ያህል አስቧል?

ከፍርሃት ሌላ ግዴለሽነትም ቁጥርን ያዛባል። በ2022 ሾን ዌስትዉድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ለፖለቲካዊ ኃይል አለ የሚባለው ድጋፍ ከእውነተኛው በላይ ተጋንኖ እንደሚቀርብ አሳይተዋል። አንደኛው ምክንያት በኢንተርኔት የሚሞላ መጠይቅን ሳያነቡ ምልክት እያደረጉ የሚያልፉ ሰዎች መኖራቸው ነው። «በጭራሽ አልደግፍም» የሚለው መልስ በሚዛኑ አንድ ጫፍ ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ በዘፈቀደ የሚሞላ ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ድጋፍ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የጥያቄዎቹ አሻሚነት ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ሃይማኖታዊ አመለካከትን የሚያጠና ፒ.አር.አር.አይ የተባለ ተቋም፣ አገሪቱ ከመስመር ስለወጣች እውነተኛ አርበኞች አገሪቱን ለማዳን ወደ ኃይል መሄድ ሊያስፈልጋቸው ይችላል በሚል ሐሳብ የሚስማሙ ሰዎችን ድርሻ ሲከታተል ቆይቷል፤ በ2021 15 በመቶ የነበረው በ2023 23 በመቶ ደርሷል። ጭማሪው ሊናቅ አይገባም። ሆኖም «አርበኛ» ማን ነው? «ሊያስፈልጋቸው ይችላል» የሚለውስ ምኞት ነው ወይስ ሥጋት? በሐሳቡ ተስማማሁ ያለ ሁሉ መሣሪያ ለማንሳት ዝግጁ ነው ብሎ መደምደም ከጥያቄው በላይ መሄድ ነው።

የናሙና ብዛትንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በትክክል በዕጣ ከተመረጡ 1,000 ሰዎች የተገኘ ውጤት ወደ ላይም ወደ ታችም 3 በመቶ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ከእነዚህ 1,000 ሰዎች መካከል የአንድ አነስተኛ ማኅበረሰብ አባላት 80 ቢሆኑና ዜናው ስለ እነርሱ ብቻ ቢናገር፣ መዛነፉ ወደ 11 በመቶ ያድጋል። «20 በመቶው ደገፉ» የተባለው እንግዲህ 16 ሰዎች ናቸው፤ እውነተኛው ድርሻም ከ9 እስከ 31 በመቶ ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል።

ወደ አገራችን ሲመጣ

ኢትዮጵያ ከእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ውጭ አይደለችም። ፔው የምርምር ማዕከል በሚያዝያ 2010 ይፋ ያደረገው፣ ከሰሃራ በታች ባሉ 19 አገሮች ከ25,000 በላይ ሰዎችን ያነጋገረው የክርስትናና የእስልምና ጥናት ኢትዮጵያን ይጨምራል። ማዕከሉ በ2017 ስለ ኦርቶዶክስ ክርስትና ባወጣው ዘገባ ደግሞ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን 98 በመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ ትልቅ ቦታ እንዳለው፣ 78 በመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ተናግረዋል። በሩሲያ ኦርቶዶክሶች ዘንድ እነዚህ መልሶች 15 በመቶና 6 በመቶ ናቸው።

98 በመቶ የሚለው ቁጥር ለምዕመናኑ ደስ የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ ለተመራማሪው ግን ችግር ይፈጥርበታል። ሁሉም ሰው ተመሳሳይ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አንዱን ከሌላው አይለይም። ስለዚህ በአገራችን «ሃይማኖተኛ የሆኑና ያልሆኑ ሰዎች ስለ ኃይል ያላቸው አመለካከት ይለያያል» የሚል ዜና ሲወጣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ሃይማኖተኛ ያልሆኑት» የተባሉት ስንት ሰዎች እንደሆኑ ነው። ምናልባት ከላይ እንደተሰላው ከ80 የማይበልጡ ይሆናሉ። በተጨማሪም ግጭት ያለባቸው ወረዳዎች ለመረጃ ሰብሳቢዎች ደኅንነት ሲባል ከናሙና ውጭ የሚሆኑበት ጊዜ ስላለ፣ «የአገሪቱ አማካይ» የተባለው ቁጥር ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከታቸውን ሰዎች ድምፅ ላይይዝ ይችላል።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በውጭ ቋንቋ በአንድ ቃል የሚገለጸው ነገር በአማርኛ «ዓመፅ»፣ «ኃይል»፣ «ጥቃት»፣ «ግጭት» ወይም «ሁከት» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። «ዓመፅ» በመንፈሳዊ መጻሕፍት በደልንና ኃጢአትን ያመለክታል፤ በፖለቲካ ንግግር ግን በጨቋኝ ላይ መነሳት ማለትም ሊሆን ይችላል። «ኃይል» በበኩሉ የመንግሥትንም እርምጃ ያስታውሳል። በጋሉፕ ጥናት «የጦር ኃይል» የሚለው በ«ግለሰብ» ሲተካ ምን እንደሆነ አይተናል። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎችም ሲቀርብ በየቋንቋው የተመረጠው ቃል ካልተመሳከረ፣ በክልሎች መካከል ታየ የተባለው ልዩነት የአመለካከት ሳይሆን የትርጉም ልዩነት ሊሆን ይችላል። ጥንቁቅ አጥኚዎች የተተረጎመውን መጠይቅ ዋናውን ላላየ ሌላ ተርጓሚ ሰጥተው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰው የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ለመጠይቅ ሲጠየቁ

በአስተያየት ጥናት መሳተፍ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሙያው መሠረታዊ ደንብ ነው። የሕዝብ ቆጠራና ይፋዊ የስታቲስቲክስ ሥራዎች ግን በራሳቸው ሕግ የሚመሩ ስለሆኑ ከአስተያየት ጥናት ጋር መቀላቀል የለባቸውም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነትን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ አመለካከትን የመያዝና የመግለጽ ነጻነትን ያረጋግጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሃይማኖታዊ እምነትንና ፖለቲካዊ አመለካከትን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የግል መረጃዎች መካከል አስቀምጧል።

ስለሆነም መረጃ ሰብሳቢው ማንነቱን የሚያሳይ መታወቂያ እንዲያቀርብ፣ ጥናቱን የሚያካሂደውንና ወጪውን የሚሸፍነውን አካል እንዲነግርዎ፣ መልስዎ ከስምዎና ከአድራሻዎ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ እንደሆነ እንዲያስረዳዎ መጠየቅ ይችላሉ። መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ ማለፍ፣ ከጀመሩም በኋላ ማቋረጥ ይችላሉ። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነልዎ «እዚህ ላይ ኃይል ሲባል ምን ማለት ነው? የሚፈጽመውስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ደንቡን የጠበቀ መረጃ ሰብሳቢ ጥያቄውን እንደተጻፈ ደግሞ ያነብልዎታል እንጂ የራሱን ትርጉም አይሰጥዎትም፤ ያን ጊዜም ካልገባዎት «አላውቅም» ወይም «መመለስ አልፈልግም» የሚለው መልስ በመጠይቁ ላይ ቦታ አለው።

ቃለ መጠይቁ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ ጎረቤት፣ የቀበሌ ሠራተኛ ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል በሌለበት ለብቻዎ እንዲደረግ መጠየቅም መብትዎ ነው። በስልክ ከሆነ የደወለውን ድርጅት ስምና የሚገኝበትን አድራሻ ተቀብለው፣ አጣርተው በሌላ ጊዜ ሊመልሱ ይችላሉ። ከመጠይቁ ጋር የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የምስጢር ቁጥር ወይም የሌሎች ሰዎችን ስም ዝርዝር፣ ለምሳሌ በአካባቢዎ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ ካለ፣ እርሱ የአስተያየት ጥናት አይደለም፤ ሳይመልሱ ቃለ መጠይቁን ያቋርጡ።